መሬትን ማን ነቀነቃት?

አንድ ጊዜ፣ ፍል ውኃ ከመሬት እየተንፎለፎለ በሚወጣበት ቆላ አገር፣ እንስሳት ጠዋት ወንዝ ወርደው ውኃ ሲጠጡ መሬት ተንቀጠቀጠች።

መጀመሪያ ከሥር እንደ ወፍጮ ያለ ጉርምርምታ ተሰማ። ከዚያ ግራሮቹ ያለ ነፋስ ተወዛወዙ። ከገደሉ ላይ ቋጥኝ እየተንከባለለ ወረደ። አህያ አራት እግር እያላት መቆም አቃታት። አያ ጅቦ «ማነው የገፋኝ?» ብሎ ዞር ቢል ከኋላው ማንም የለም።

ብዙ አልቆየም። ግን ሲያልፍ ሁሉም አንድ ዓመት ያረጀ መሰለው።

አቧራው ሲጠራ እያንዳንዱ ወደየቤቱ ሮጠ። የአንበሳ ዋሻ አፉ ላይ መዳፍ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጥቶበታል። የቀበሮ ጉድጓድ ጭራሽ ተደርምሷል። የጃርት ጉድጓድ ግን በትልቁ ግራር ሥሮች መሃል የተቆፈረ ስለነበር ምንም አልሆነም። ጃርት ገብታ ሁለቱን ልጆቿን ቆጠረች። «አንድ፣ ሁለት።» አላመነችም፤ እንደገና ቆጠረች። «አንድ፣ ሁለት።»

ቀበሮ በሩቅ ቆሞ አያት። የራሱን ፍርስራሽ አየ፣ የእሷን ደኅና ቤት አየ። ከንፈሩን ላሰ።

አንበሳ አውጫጭኝ ጠራ። አውጫጭኝ ማለት የአገሩ ወግ ነው፤ ጥፋት ሲደርስ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ሁሉም ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም።

«መሬት እንዲህ በከንቱ አትቆጣም» አለ አንበሳ። «ከመሃላችን የበደላት አለ። ያየህ ተናገር፣ የሰማህ መስክር።»

ሁሉም አቀረቀረ። አያ ጅቦ ብቻ ሳይጠየቅ ዘሎ ተነሣ። «እኔ አይደለሁም ጌታዬ! እኔ የምበላው ከመሬት በላይ ያለውን ነው። እሷን እንኳን ልበላት ቀምሻትም አላውቅ!»

«ማን ጠየቀህ? ቁጭ በል!»

ቀበሮ በቀስታ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ሰው ማማት አልወድም። ግን ሌሊት ሌሊት ሁላችን ስንተኛ መሬትን የሚቦረቡራት ማነው? ክርክር፣ ክርክር ሲል የሚያድረው የማን ጥፍር ነው? እስቲ እርስዎን ጀርባዎ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቢቆፍሩዎት አይንቀጠቀጡም?»

ሁሉም ዞሮ ጃርትን አያት። ጃርት ልጆቿን ወደ ሆዷ ሳበች።

«እናቴም ቆፍራለች፣ አያቴም ቆፍራለች» አለች። «ያኔ መሬት ለምን ዝም አለች?»

«ታግሣ ነዋ! ትዕግሥት መች አያልቅም?» አለ ቀበሮ። አነጋገሩ እውነት እውነት ስለሚሸት ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ የምለው፣ ወደ ጨው ሜዳው ትሂድ። እሷ ስትሄድ መሬትም ታርፋለች። ቤቷ ባዶ እንዳይቀር ደግሞ አንድ የሚጠብቅ ይግባበት። እኔ እንኳ አሁን ቤት ስለሌለኝ… ለአገር ብዬ እችላለሁ።»

እዚህ ላይ የአህያ ጆሮ ቀጥ አለ። አህያ የምትታወቀው በሥራ እንጂ በነገር አይደለም፤ ስለዚህ ጆሮዋን ማንም ልብ አላለውም።

ጨው ሜዳው ላይ የሚቆፈር ሥራ ሥር የለም፣ የሚጠጣ ውኃ የለም። ዓይናቸውን ከገለጡ ገና ሳምንት የሆናቸው ልጆች እዚያ አንድ ቀን አይውሉም። ጃርት ይህን ታውቃለች። አንበሳም ያውቃል።

«ሦስት ቀን እሰጣለሁ» አለ አንበሳ። «እስከዚያ ሌላ ጥፋተኛ ካልተገኘ አንቺ ከነልጆችሽ ትሄጃለሽ። እስከዚያው አንዲት ጭብጥ አፈር እንዳትነኪ። ሌሎቻችሁም ከዚህ ሜዳ ማንም እንዳይነቃነቅ!»

ይህን ሲል መሬት እንደገና ንቅንቅ ንቅንቅ አለች።

«ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ፣ «እሷ ተነቃነቀች።»

መሬት በዚያ አላቆመችም። ሲመሽም ሲነጋም አንዳንዴ በቀስታ፣ አንዳንዴ ጠንከር አድርጋ ትነቀነቃለች። ሁሉም በተነቃነቀች ቁጥር ይጮኻል፤ ካለፈ በኋላ ጃርትን ያያል። አህያ ግን አትጮኽም። በተነቃነቀች ቁጥር በአፏ አንድ ጠጠር ታነሣና ከፊቷ ታስቀምጣለች።

«ምን ታደርጊያለሽ እትዬ አህዪት?» አለቻት ጃርት።

«እኔ እንጃ ልጄ። ስፈራ ዝም ብዬ ከምቀመጥ አንድ ነገር ብሠራ ይሻለኛል። ደግሞስ ማወቅ አያምርሽም? ስንት ጊዜ ትነቃነቅ ይሆን? እየጨመረች ነው እየቀነሰች?»

በመጀመሪያው ቀን ጠጠሩ ሠላሳ ሁለት ሆነ። በሁለተኛው ቀን ዐሥራ አምስት። በሦስተኛው ቀን እስከ እኩለ ቀን ድረስ አራት ብቻ። አህያ ሦስቱን ክምር እያየች ጆሮዋን ታወዛውዛለች። የገባት ነገር አለ፤ ግን ምን እንደሆነ ገና አላወቀችውም።

ልክ እኩለ ቀን ላይ ሽመላ ከሰማይ ወረደች። ሽመላ በየዓመቱ ባሕር ተሻግራ የምትመጣ እንግዳ ናት።

«ምነው ሁላችሁም ፀሐይ ላይ ፈሰሳችሁ? ሠርግ አለ እንዴ?»

«ምን ሠርግ አለ፣ ሐዘን ነው እንጂ» አለች አህያ። «መሬት ተንቀጥቅጣብን ጥፋተኛ እየፈለግን ነው።»

«ውይ! እዚህም?» አለች ሽመላ።

የአህያ ጆሮ እንደገና ቀጥ አለ። «ቆይ፣ ቆይ። ‹እዚህም› ማለት ምን ማለት ነው? ሌላ የት?»

«የት የለም ብለሽ ነው! ዘንድሮ ባሕር ማዶ ጎጆዬን በሰው ቤት ጣሪያ ላይ ሠርቼ እንቁላል ታቅፌ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቤቱ ከነጎጆዬ ተወዛወዘ። ሰዎቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ሜዳ ላይ ወጡ፤ ልክ እንደ እናንተ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ወፎችም እንደዚሁ ይላሉ። በረዶ የማይለቀው ተራራ ላይ ይነቀንቃል፣ በባሕር መሃል ባሉት ደሴቶች ይነቀንቃል። አንዱ ጋ ሲያርፍ ሌላው ጋ ይነሣል።»

እንስሳቱ አፋቸውን ከፈቱ። ሁሉም የሚያውቁት ወንዙን፣ ገደሉንና ሜዳውን ብቻ ነው። መሬት ከዚያ ወዲያ መኖሯን አስበውትም አያውቁ።

ቀበሮ ነገሩ እንዳላማረለት ገባውና ቶሎ ብሎ «ታዲያስ! እዚያም ጃርት ይኖራላ!» አለ።

«ከባሕሩ ሥርም እኮ ይነቀንቃል» አለች ሽመላ። «ጃርት ባሕር ሥር ገብታ ትቆፍራለች?»

«ዋና የምትችል ጃርት… ትኖር ይሆናል።»

አንበሳ እንኳ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዞረ።

ቀበሮ አፈረ። ግን የቀበሮ እፍረት ብዙ አይቆይም። ሁሉም ሽመላን ከቦ ጥያቄ ሲያዥጎደጉድባት እሱ ወደ አያ ጅቦ ተጠጋ።

«አያ ጅቦ፣ ሦስት ቀን ጦምህን ነው አይደል? ጌታችን ዋሻው ውስጥ የአጋዘን ሥጋ ጥሎ ነው የወጣው።»

«አውቃለሁ እንጂ! ሦስት ቀን ሙሉ በአፍንጫዬ ስበላው ነው የከረምኩት!»

«ታዲያ አሁን በአፍህ ብላዋ። ሁሉም ሽመላን ነው የሚያየው። ጭኑን ብቻ ለእኔ አምጣልኝ።»

አያ ጅቦ እያነከሰ ሹልክ አለ።

አህያ ግን መጠየቋን አላቆመችም። «ሽመላዬ፣ መሬት ለምንድን ነው የምትነቃነቀው? ከሥር ምን አለ?»

«እኔ ወፍ ነኝ፤ ከላይ እንጂ ከሥር መች አውቃለሁ» አለች ሽመላ። «የሰማሁትን ልንገርሽ። ከሥራችን እንደ አገር የሚሰፉ ድንጋዮች አሉ ይላሉ። ዝንተ ዓለም ይገፋፋሉ። አንድ ቀን አልችል ሲሉ ሸርተት ይላሉ።»

አህያ ዓይኗ በራ። «ቆይ! ይሄንንማ አውቀዋለሁ! ሰው ቤት ሳለሁ ጭነት ጭነውኝ ዳገት ስወጣ፣ ጭነቱ ድንገት ሸርተት ይላል። ያ ትልቁ ነው፤ ሊጥለኝ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ደግሞ እስኪደላደል ድረስ ትንሽ ትንሽ ይንገጫገጫል። እየቆየ እየቆየ ይተዋል። ይኸው ጠጠሬ! ሠላሳ ሁለት፣ ዐሥራ አምስት፣ አራት። እየተደላደለች ነው!»

«ልክ ነሽ» አለች ሽመላ። «ግን አትዘናጉ። ከትንንሾቹ መሃል አንዳንዴ አንድ ጠንካራ ይመጣል። ከገደል ሥርና ከተሰነጠቀ ዋሻ ራቁ።»

አህያ ወደ አንበሳ ቀረበች። በሕይወቷ ለአንበሳ ተናግራ አታውቅም።

«ጌታዬ፣ እመት ጃርት ሦስት ቀን ሙሉ ዓይናችን ሥር ናት። አንዲት ጭብጥ አፈር አልነካችም። እነዚህ ሃምሳ አንድ ጠጠሮች ግን ይኸው። ማን ቆፍሮ ነው?»

አንበሳ ጎንበስ ብሎ ጠጠሮቹን አያቸው። ሊናገር አፉን ሲከፍት ያ ጉርምርምታ እንደገና ከሥር መጣ።

የአሁኑ ጠንካራ ነበር። ጃርት በልጆቿ ላይ ተደፋች። ከገደሉ በኩል ትልቅ ድምፅ ተሰማ፣ አቧራ ተነሣ። አቧራው ሲወርድ የአንበሳ ዋሻ አፍ የለም። ድንጋይና አፈር ብቻ ነው።

«ሁላችሁም አላችሁ?» አለ አንበሳ።

ተያዩ። ከአያ ጅቦ በስተቀር ሁሉም አለ። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ በቀጭኑ «ዋይ! ዋይ! ጨለመብኝ!» የሚል ድምፅ መጣ።

አንበሳ ድንጋዩን በመዳፉ ገፋው፤ አልተነቃነቀም። አህያ በኮቴዋ ሞከረች፤ አፈሩ ተመልሶ ይሞላል። ያን ጊዜ ጃርት ቀስ ብላ መጣች።

«ጌታዬ፣ አፈር እንዳትነኪ ብለውኛል። ልንካ?»

«እንዳትነካ!» ብሎ ቀበሮ ጮኸ። «ትእዛዝ ነው! ደግሞ ብትቆፍር ሁላችንም ላይ ይናዳል!» ቀበሮ የፈራው ናዳውን አልነበረም። የፈራው የጅብን አፍ ነው።

አንበሳ ቀበሮን አየው፤ ከዚያ ለጃርት ራሱን ዝቅ አደረገ። «ንኪ» አለ።

ጃርት ልጆቿን ወደ አህያ ገፋቻቸው። «እትዬ አህዪት፣ አደራ። ካልተመለስኩ…»

«ትመለሻለሽ። እኔ እግሬን መሬት ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። ትንሽ እንኳ ከተሰማኝ እጮኻለሁ፤ ስጮኽ ውጪ!»

ጃርት ትልልቆቹን ድንጋዮች አልነካችም። በመሃላቸው፣ አፈሩ ጠበቅ ያለበትን እየመረጠች፣ እንደ እናቷና እንደ አያቷ ክርክር፣ ክርክር እያደረገች ገባች። አንዴ አህያ ጮኸች፤ ጃርት ተስፈንጥራ ወጣች፣ መሬት ንቅንቅ ብላ አለፈች። ጃርት በሩቅ ልጆቿን አየች። «አንድ፣ ሁለት።» ከዚያ ተመልሳ ገባች።

ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ማነው?»

«ጃርት ነኝ።»

«ያቺ ጥፋተኛዋ?»

«አዎ፣ ያቺው።»

«በይ እህቴ፣ ያንን ጥፋትሽን ጨምሪበት! ቶሎ ቶሎ!»

ትንሽ ቆይቶ ጃርት ወጣች፤ ከኋላዋ አያ ጅቦ አፈር መስሎ ተጎተተ። ጭንቅላቱ ተልጧል፣ ጆሮው ተቀዷል። ከጥርሱ መሃል ግን አንድ ሙሉ የአጋዘን ጭን አለ። ዓይኑን አርገብግቦ ቀበሮን ፈለገና ከፊቱ አኖረለት።

«ወንድሜ ቀበሮ፣ ይኸው ያልከኝ ጭን። ቃሌን አላጠፋሁም!»

ሽመላ እንኳ አንዱን እግሯን አንሥታ ማውረድ ረሳች።

አንበሳ ጭኑን አየ፣ ቀበሮን አየ። «አውጫጭኙ አብቅቷል» አለ። «መሬትን ማንም አልነቀነቃትም። ጃርት ወደ ቤትሽ ግቢ። አንተ ቀበሮ ግን፣ እስቲ የጨው ሜዳው መንገድ በየት በኩል ነው?»

ቀበሮ ጅራቱን ቆልፎ ተነሣ። ገና ጥቂት እንደሄደ ጃርት ጠራችው።

«ቀበሮ! ጨው ሜዳውን እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሳስበው ከርሜያለሁ። ለጠላትም አይሆንም። ጌታዬ ከፈቀዱ፣ ቤት እኔ እቆፍርልሃለሁ፤ አንተ አፈሩን ጥረግ።»

አንበሳ ፈቀደ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጃርት ከሌላ ግራር ሥር ስትቆፍር፣ ቀበሮ አፈር ሲጠርግ ዋለ። አመሻሹ ላይ መሬት እንደገና በቀስታ ተነቃነቀች። ቀበሮ ከልማዱ የተነሣ ቀና ብሎ «ማነው እንግዲህ…» ሲል አህያ ዓይኗን አፈጠጠችበት። ቀበሮም መጥረጉን ቀጠለ። አህያም ስድስተኛውን ጠጠር… አይ፣ ሰባተኛውን፣ ክምሩ ላይ አኖረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ያልገባን ነገር ሲያስደነግጠን በሌላው ላይ ጣት ከመቀሰር ይልቅ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ እንደሚበጅ፣ ዛሬ በከንቱ የከሰስነውም ነገ ከፍርስራሽ ሥር ቆፍሮ የሚያወጣን ሊሆን እንደሚችል ነው።