ኮዱ እስኪሰለፍ

አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ መንበረ የምትባል ፋርማሲስት ነበረች። የምትሠራበት ፕሮግራም የሕፃኑን ኪሎ ሲነግሩት የመድኃኒቱን መጠን ያሰላል። የሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድም ክፍት ስለሆነ ማንም አይቶ እርማት ይልካል።

አንድ ቀን ፕሮግራሙ ከአምስት ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን እጥፍ መጠን ሲያዝዝ ደረሰችበት። ክው አለች። ትንሽ ኮድ መጻፍ ትችል ነበርና ስህተቱን ፈልጋ አገኘችው፤ አንዲት መስመር ናት። አስተካክላ ለበጎ ፈቃደኞቹ ላከችላቸው። ሌሎች አርባ ጤና ጣቢያዎችም በዚሁ ፕሮግራም ይሠራሉ።

በጎ ፈቃደኞቹ የምስጋና መዓት አወረዱባት። ከዚያ የኮዱን መስመሮች አስተካክሎ የሚያሰልፍ መሣሪያ እየመረጡ ስለሆነ፣ ምርጫው እስኪያልቅ ምንም እርማት እንደማይቀበሉ ነገሯት። ወይ ነዶ! መስመር ሁሉ ሁለት ባዶ ቦታ ገባ ብሎ ይጀምር ወይስ አራት እያሉ ሲነታረኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። ድምፅ ተሰጠ፤ ውጤቱ ያልጣማቸው ይደገም አሉ። ስለ ሕፃናቱ ስታስታውሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። እሷ በእጇ እያሰላች፣ በየጤና ጣቢያው እየደወለች ኮምፒውተሩን እንዳያምኑ ስትለምን ትውላለች። ስልክ የሚያነሱላት ግማሾቹ ናቸው።

በመጨረሻ መሣሪያው ተመረጠ። ኮዱን በሙሉ አሰለፉበትና እንኳን ደስ አለን ተባባሉ። ለመንበረም ጻፉላት፦ መስመሮቹ ሁሉ ስለተቀየሩ የላከችው እርማት አልገጥም ብሏል፣ እንደ አዲስ ሠርታ ትላክ። ስህተቱስ? ስህተቱማ አምሮበት፣ ተሰልፎ እዚያው አለ።

ለበጎ ፈቃደኞቹ መሪ ደወለች።

"እርማቱን አይታችሁታል?"

"አይተነዋል እህቴ፣ ትክክል ነው። ግን ያለ ሥርዓት እንዴት ይሠራል?"

"ሥርዓቱ ለማን ነው ታዲያ? ለሕፃኑ ነው ወይስ ለእናንተ ዓይን?"

መልሱን አልጠበቀችም። ክፍት ኮድን ማንም ገልብጦ የራሱን ማውጣት ይችላል። ገለበጠች፣ ያቺን መስመር አረመች፣ በፍላሽ እየጫነች ለአርባውም ላከች። በወሩ የበጎ ፈቃደኞቹን ፕሮግራም የሚከፍት አንድም ጤና ጣቢያ አልቀረም። እነሱ አሁንም ያማረ ኮድ አላቸው፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን የለም።

ሥርዓት መልካም ነው፣ ማንም አይጠላውም። የሚገለገለውን ሰው የረሳ ሥርዓት ግን ከዝርክርክነት ይብሳል። እርስዎስ በሥራዎ ላይ ምን እስኪያምር ነው ሰው ያስጠበቁት?