በቃጫ የተያዘው ብሎን

በመጨረሻ የምነግራችሁን ተረት ቅድመ አያቶቻችንም ይሉት ነበር፤ እኔ አዲስ አላመጣሁም። የወልዲያ ሾፌሮች ግን ሲተርቱት ፊታቸው አይፈታም፤ የእሸቴን ጉድ አይተው ነዋ!

እሸቴ በገዛ ሚኒባሱ ሠርቶ የሚያድር ቆፍጣና ሰው ነበር። ያን ቀን የጫነው ግን መንገደኛ ሳይሆን የእናቱን የእማማ ጥሩወርቅን አስከሬን ነው። ደሴ ሆስፒታል ሲያጣጥሩ፣ "ከአባትህ ጎን ቅበረኝ፤ አደራ!" ብለውታል። ከቆቦ ማዶ ወዳለው አገራቸው ይዟቸው ሲገሰግስ፣ ወልዲያ ላይ ከሞተሩ ሥር ዘይት ሲንጠባጠብ አየና ጋራዥ ገባ። አጎቱ አያ መልኬ አብረውት ነበሩ።

መካኒኩ ጋሽ ሰይድ ከሥር ገብተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ጥርሱ ተበልቷል። ማነው እንዲህ ከልክ በላይ ያጠበቀው?"

"እኔው ነኝ፤ ዘይት ስቀይር።"

"እንግዲያው ቶርኖ ቤት ወስጄ አዲስ ጥርስ ላስወጣለት። እስከ ቀትር ታገሠኝ።"

"ምን ይላሉ ጋሼ! ሬሳ ጭኜ ጋራዥ ልቀመጥ? አገሩ ሁሉ ድንኳን ጥሎ እየጠበቀኝ? ቃጫ ካለዎት ይስጡኝ።"

"ቃጫ የውሃ ቧንቧ ይይዛል እንጂ የጋለ ሞተር መች ይይዛል?"

አያ መልኬም፣ "ተው ልጄ፤ ሟች አትቸኩልም። ለለቀስተኛው እኔ መልስ እሰጣለሁ" ቢሉት አልሰማም። የፈራው፣ ሰው "እናቱን መንገድ ላይ አቆያት" እንዳይለው ነው። ቃጫውን ከመደርደሪያው አንስቶ ብሎኑ ላይ ጠመጠመ፤ ሳሙና ቀባና በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ወተፈው። ጠብታው ቆመ።

"አላልኳችሁም!" ብሎ መኪናውን አስነሳ።

ቆቦ ሜዳ ሲደርሱ ሙቀቱ ያፍናል። የዘይት መብራቱ በራ። እሸቴ አየው፤ አይቶም "ትንሽ ነው የቀረን" እያለ ነዳጁን ረገጠ። ወዲያው ሞተሩ አንኳኳ፣ ጮኸና ቀጥ አለ። ወርዶ ቢያይ ብሎኑ የለም፤ ዘይቱ መንገድ ለመንገድ ፈስሶ አልቋል።

ያለፈውን መኪና ሁሉ ለመነ። ገሚሱ ሬሳ መሆኑን ሲያይ አማትቦ አለፈ፤ ገሚሱ ጭራሽ አልቆመም። ስልክ ያኔ በየኪሱ አልነበረም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ከሜዳው ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን አንድ ቄስ መጡ። ወደ ሳጥኑ ጠጋ ሲሉ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"ልጄ፣ በዚህ ሙቀት እስከ ነገ አይቆዩም። እዚሁ እንቅበራቸው።"

እማማ ጥሩወርቅ ከማያውቁት ሰው መቃብር መሀል ገቡ። አንዲት አልቃሽ እንኳ አልነበረችም። እሸቴ አፈሩ ላይ ተደፍቶ፣ "አደራሽን በላሁ እናቴ! ለአንቺ ብዬ እኮ ነው የቸኮልኩት!" እያለ ጮኸ።

አያ መልኬ እንባቸው እየወረደ ክንዱን ይዘው አነሱት።

"ምን ታደርገዋለህ ልጄ" አሉት፤ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"