ግንድ መብሳት ክልክል ነው

ተረት ተረት፤ የወፍ ጎረቤት።

ግንደ ቆርቁር ኩሩ ወፍ ነበር። አንድ ቀን የጫካውን ነዋሪዎች ሰብስቦ፣ «ስሜ ራሱ ግንደ ቆርቁር ነው፤ ስለዚህ ግንድ መብሳት የኔ ፈጠራ ነው። ከእንግዲህ ሳያስፈቅደኝ የሚበሳ ሁሉ ሌባ ነው» አላቸው።

ጢንዚዛ ተቀይሞ አገር ለቀቀ። ትልም ዘመዶቹን ይዞ ከግንዱ ወጣና ከባድ ድንጋይ ሥር ገባ።

ግንደ ቆርቁር እንደ ልማዱ ትል ሊለቅም ግንዱን ቢቆረቁር፣ ቢቆረቁር ባዶ ሆነበት። ራበውና ድንጋዩ ዘንድ ሄዶ፣ «ትልዬ፣ ፈቅጄልሃለሁ፤ ና እንደ ድሮህ ብሳ» ሲል ተለማመጠው።

ትል ከድንጋዩ ሥር ሆኖ፣ «ኧረ ጋሼ ቆርቁር፣ የሰው ፈጠራ አልነካም፤ እናቴ ሌባ አላሳደገችም» አለው።

ግንደ ቆርቁር ጦሙን አደረ።

ተረቴን መልሱ፤ ሳታስፈቅዱ ግንድ እንዳትበሱ።