ዘር የማይሸጥበት ገበያ

ተረት ተረት!

እንስማ ከመሠረት!

ጎሽ! ጠጋ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። አንተ፣ ከበሩ ላይ ተነሳ፣ ነፋሱ ይገባብናል።

በድሮ ዘመን፣ ቆላ አፋፍ ላይ ባለች አንዲት መንደር፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ልጅም አልወለደችም። ግን የአገሩን ልጅ ሁሉ ከማኅፀን የተቀበለችው እሷ ናት። ሴት ምጥ ሲይዛት አንጓች ካልደረሰች ሰዉ እፎይ አይልም ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት አንበጣ መጣ። ሰማዩን አጨለመና ማሽላውን እስከ አገዳው በላው። ሰዉም ተራበ። ሲብስበት ጊዜ ለዘር ያስቀመጠውን አወጣና ቆልቶ በላው። ከዚያም በመንደሩ አንዲት ፍሬ ዘር ጠፋች። ጎረቤት አገር ቢሄዱ ያው ነው። እዚያም አንበጣው አልፎበታል።

ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው መከሩ። መላ ግን አልተገኘም። ያን ጊዜ አንጓች ከሴቶቹ መካከል ተነሳች።

፦ እኔ ዘር ፍለጋ እሄዳለሁ፣ አለች።

፦ ወዴት ነው የምትሄጂው? አሏት።

፦ ወደ እኛ የሚመጡት የጨው ነጋዴዎች ከባሕር ማዶ ክረምት ከበጋ የሚያበቅል ደሴት አለ ይላሉ። የሚያስቀረኝ ባል የለኝ፣ የሚያለቅስብኝ ልጅ የለኝ። ዝናቡ እስኪገባ ስድስት ወር አለን። ልሂድ።

መረቋት። እሷም ራሷ የፈተለችውን አዲስ ጋቢ ጠቅልላ ተሸከመችና ከጨው ነጋዴዎቹ ጋር ቁልቁል ወረደች። ዐሥራ ስምንት ቀን በእግሯ ሄደች። ባሕሩን ስታየው አሸዋው ላይ ቁጭ አለች።

፦ ዳርቻው የት ነው? ብላ ጠየቀች።

ኢድሪስ የሚባል መርከበኛ ሳቀና፦ ዳርቻው እኛ የምንሄድበት ነው እናቴ፣ አላት። ይህ ኢድሪስ የእሷንም ቋንቋ የደሴቱንም ቋንቋ ያውቅ ነበር። ነገሯን ሰማና አሳዘነችው። ሸራውን ወጠረና ወሰዳት።

ብዙ ቀን በውሃ ላይ ሰነበቱ። ልጆቼ፣ አንጓች ደሴቲቱን በዓይኗ ሳታያት በፊት አሸተተቻት! ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ነፋስ መጣባት። ከዚያም አረንጓዴ ተራራ ከውሃው ውስጥ ብቅ አለ።

የደረሱት በገበያ ቀን፣ ማለዳ ነው። ገበሬዎቹ ጭነታቸውን በራሳቸው ተሸክመው፣ ከተራራው በሰልፍ እየወረዱ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ይዘረጋሉ። አንጓች አፏን ይዛ ቀረች። እንደ ደም የቀላ ሙዝ አየች። እሾሃም ሆኖ ዘውድ የደፋ ፍሬ አየች። ሁለት ጎልማሶች እንጨት ላይ አንጠልጥለው የተሸከሙት፣ ጥጃ የሚያህል ፍሬ አየች። አትሳቁ! ጥጃ የሚያህል ነው ያልኳችሁ። ሲሰነጥቁት ውስጡ ወርቅ ይመስላል፣ ሽታው ማር ነው። አንዱ ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ኮኮናት በገጀራ መታና ከውስጡ ቀዝቃዛ ውሃ አጠጣት።

፦ ኢድሪስ፣ ይህን ሁሉ መላእክት ናቸው የሚዘሩት?

፦ እነዚሁ የምታያቸው ገበሬዎች ናቸው እናቴ።

ደስ አላት። ከዚያም የመንደሯን ሰዎች አሰበችና ዘር ፍለጋ ገበያውን ትዞር ጀመር።

እየዞረች ሳለች፣ ዘሃራ የምትባል አሮጊት ነጭ ዱቄት በቅርጫት ሞልታ ስትሸጥ አየች። ከአጠገቧ እርጉዝ ልጇ ሩቂያ ተቀምጣለች። አንጓች ከዱቄቱ ቆንጠር አደረገችና ምላሷ ላይ ጣል አደረገችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

፦ ማሽላ ነው! ኢድሪስ፣ ፍሬውን እንድትሰጠኝ ንገራት። ጋቢዬን ትውሰድ።

ዘሃራ ጋቢውን ዳሰሰችና አደነቀችው። ከዚያም ራሷን ነቀነቀች። ኢድሪስም እንዲህ ሲል ተረጎመ፦ ዱቄቱን የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ ትላለች። ዘሩ ግን ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ነው የተሰቀለው። በዚህ አገር ዘር አይሸጥም። ዘር የሚሰጠው ለዘመድ ነው።

አንጓች ሌላዋን ጠየቀች። እሷም ያንኑ አለች። ገበያውን ሁሉ ዞረች። አንድም የሚሰጣት ጠፋ።

፦ እናቴ፣ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ይዞራል፣ ካልሄድን ወራት እንቀራለን፣ አላት ኢድሪስ።

ይህን እያላት ሳለ ሩቂያ ጮኸች። ምጥ ያዛት። የአገሩ አዋላጅ ያለችው ተራራው ላይ፣ ሩቅ ነው። ሴቶቹ ኩታቸውን ዘርግተው ጋረዷት። ግን ልጁ በእግሩ ሊመጣ ሆነ። ዘሃራ ደረቷን ደቃች።

አንጓች አስተርጓሚ አልጠበቀችም። እጇን በኮኮናት ውሃ ታጠበችና ሴቶቹን ገፋ ገፋ አድርጋ ገባች።

ያን ጊዜ ያ ሁሉ ገበያ ቆመ። ሻጩም መሸጡን ተወ፣ ገዢውም መግዛቱን ተወ። የደሴቱ ሽማግሌዎች መዳፋቸውን ዘርግተው ለጸሎት ቆሙ። ማዕበሉ ብቻ ይሰማል። ቀትር አለፈ። የኢድሪስ ጀልባ ሸራ መወዛወዝ ጀመረ። አንጓች ግን ቀና አላለችም። የሩቂያን ሆድ እያሸች፣ በራሷ ቋንቋ «አይዞሽ፣ አይዞሽ ልጄ» እያለች፣ ቀስ አድርጋ አወጣችው። ወንድ ልጅ ነው። ግን አያለቅስም! በአፉ እፍ አለችበት። ደግማ እፍ አለችበት። በሦስተኛው...

፦ እንጓ!

እልልታው ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ተቀጣጠለ። አንጓችም ልጁን በዚያ በአዲሱ ጋቢ ጠቅልላ ለአያቱ ለዘሃራ አስታቀፈች።

ዘሃራ እያለቀሰች አንድ ነገር ተናገረች።

፦ ኢድሪስ፣ ምን አለች? 

፦ ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ነሽ አለች።

ከዚያም ሰዉ ሁሉ ሸቀጡን ትቶ ወደ ተራራው ሮጠ። ተመልሶም ወረደ። ሁሉም ከየቤቱ፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን፣ ጥላሸት የለበሰውን የማሽላ ዛላ ይዞ ነበር። አንድ ዛላ፣ ሁለት ዛላ፣ ክምሩ የአንጓችን ወገብ አለፈ። እሷም ጎንበስ ብላ ምድሩን ሳመች።

፦ ኧረ ጀልባዬ ልትሰጥም ነው! አለ ኢድሪስ። ግን ራሱም ያለቅስ ነበር። ነፋሱም ገና ጨርሶ አልዞረምና ደረሱበት።

አንጓች አገሯ ስትገባ የመጀመሪያው ደመና ሰማዩ ላይ ነበር። ለየቤቱ አከፋፈለች። ዘሩ በቀለ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆነና ከብት የገባበት አይታይም ነበር። መንደሩም በላ፣ ጠገበ፣ ጎተራውን ሞላ።

መኸሩ እንዳለቀ፣ አንድ ማለዳ አንጓች ስንቋን ቋጥራ፣ በትሯን ይዛ፣ ቁልቁል ስትወርድ አዩዋት።

፦ ምነው አንጓች፣ ደግሞ ወዴት ነው? አሁንማ ጠግበናል! አሏት።

፦ ዘመድ ጥየቃ ነው፣ አለች። ልጁ ድኾ ይሆናል።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። እኔ ነግሬ አጠገብኳችሁ፣ እናንተ አጉርሳችሁ አጥግቡኝ!