የገጣባዋ ግላስ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ከማለታችሁ በፊት በዳዩን ልንገራችሁ፤ ቀበሮ ነው፣ የበደለውም አህያን ነው።

ይህ ጨው ነጋዴ አንድ ቀን እንኳ ሳያሳርፍ፣ ጀርባዋ ተገጥቦ እስኪቆስል ጫነባት። ጨዉን የሚገዙት እንስሳት ወሬው ደረሳቸውና «የተጎዳ ሠራተኛ ካለህ ጨውህን አንገዛም» ብለው ጉሬዛን መርማሪ አድርገው ላኩበት። ቀበሮ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቁስሏ ላይ ባለ ጥልፍ ግላስ አለበሳትና «ደህና ነኝ በይ፤ አለዚያ የጅብ ጎሬ ደጃፍ ነው የማስርሽ» አላት።

ጉሬዛ ጌጥ ወዳድ ነው፤ ገና ከመድረሱ ዓይኑ ግላሱ ላይ አረፈ። «ወይ ማማሩ! ሠራተኛውን እንዲህ የሚያለብስ ጌታ የት ይገኛል?» አለ።

እጅ መንሻ የለመደው ቀበሮም አፉ ቀደመውና «ከወደዱትማ የእርስዎ ነው፣ ይውሰዱት!» አለው።

ጉሬዛ ግላሱን ቢስበው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ አልነሳ አለው። «ምነው እመት አህያ፣ ሰፍተውብሻል እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

አህያም ያን ጊዜ ጅብ መፍራቷን ተወችና እንዲህ አለችው፦ «ይሳቡት እንጂ ጌታው! ቆዳዬም አብሮ ይምጣልዎ፤ ‹አህያዋ ደህና ናት› ብለው የሚጽፉበት ብራና ይሆንዎታል።»