ጋሽ አስናቀ ያጠሩት ኢንተርኔት

እኛ ሰፈር ሰው ሕግ ሊያወጣ ወይም በር ሊቆልፍ ሲነሳ ከአፋችን የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሲሰማት ስለ ከብት በረት የተባለች ይመስለዋል። የምን በረት አመጣችሁ! የመጣችው ከኢንተርኔት ነው፤ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንድ የኢንተርኔት መስመር የምንጋራ ባለሱቆች አለን። እኔ ጫማ እሸጣለሁ። መስመሩ የገባው በጋሽ አስናቀ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጋሽ አስናቀ ደግ ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ልክ የለውም። የይለፍ ቃሉን ለጠየቃቸው ሁሉ ይሰጣሉ። መንገደኛው ሁላ ግድግዳችንን ተደግፎ ፊልም ሲያይ እኛ አንዲት ፎቶ ለመላክ ፍዳችንን እናያለን።

በኋላ ግን ሰውየው ተለወጡ። ልጃቸው ምንታምር ጎንደር በሐኪምነት ልትመረቅ ነው፤ በተመራቂዎች ስም የምትናገረውም እሷ ናት። እሳቸው ወገባቸውን ታመው መንገድ አይችሉም። ምርቃቱ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል ሲባሉ፣ "ያን ቀን መስመሩ ቢንቀራፈፍብኝ እሞታለሁ!" ብለው ብሌን የምትባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጡ።

"ፋየርዎል አስገባላችኋለሁ። አጥር በሉት" አለች ብሌን። "ያልተመዘገበ ስልክም ሆነ ኮምፒዩተር አያልፍም። በርስዎ ኮምፒዩተር እንጀምር።"

"ኧረ ነውር ነው! ሰው ቆሞ እኔ ልቅደም? እትዬ ዘርፌ፣ ይምጡ!"

ልብስ ሰፊዋ እትዬ ዘርፌ "በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ!" ቢሉ፣ "እኔ አፈር ልሁን!" አሉ ጋሽ አስናቀ። በዚህ ዓይነት ሲገባበዙ የሁላችንም ስልክ ተመዘገበ።

"ሁሉም ገባ?" አለች ብሌን። አውቶቡሷ ሊያመልጣት ነው።

ጋሽ አስናቀ ዞር ዞር ብለው እኛን ቃኙን። "ሁሉም ገብቷል። ዝጊው!" ወደ እኛም ዞረው፣ "ስልኩን ለውጭ ሰው ያዋሰ ከእኔ ጋር ተጣላ!" አሉን።

በማግስቱ፣ በምርቃቱ ቀን፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ኮምፒዩተራቸውን ከፈቱ። እምቢ አለ። አጠፉት፣ አበሩት፤ አሁንም እምቢ። የእጅ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፣ ከመደወል በቀር አይረባም። ብሌን ጋ ቢደውሉ ዝግ ነው። እትዬ ዘርፌ "እንኳን ደስ ያለዎት" ሊሉ ሲገቡ፣ ባዶው የኮምፒዩተር መስኮት ላይ አፍጥጠው እንባቸው ይወርዳል።

"ምነው ጋሼ?"

"ሁላችሁን አስገብቼ ራሴን ውጭ አስቀረሁት።"

"ታዲያ ምን አፍዎን ያዘዎት? ስልኬ ይኸው!"

"አይሆንም፤ ትናንት ከልክዬ ዛሬ እኔው..."

"ወዲያ! የከለከሉት ለውጭ ሰው አይደል? እርስዎ ከመቼ ወዲህ ነው የውጭ ሰው የሆኑት?"

ድምፃቸውን ሰምተን ሁላችንም ተግተልትለን ስንገባ እትዬ ዘርፌ ምርቃቱን በስልካቸው ከፍተውላቸዋል። ምንታምር መድረክ ላይ ወጥታ ንግግሯን ጀምራለች፤ አጋምሳዋለች እንጂ። "አባዬ፣ መምጣት አልቻልክም፤ እያየኸኝ እንደሆነ ግን አውቃለሁ" አለች።

"አለሁ ልጄ! አለሁ!" ብለው ስልኩ ላይ ጮኹ፣ የምትሰማቸው ይመስል። አንጀቴን በሉት፤ ያላለቀሰ አልነበረም።

ከሁላችን ታላቅ የሆኑት ሰዓት ጠጋኙ አባባ ወልደሰንበት የጋሽ አስናቀን ግንባር ስመው ትከሻቸውን መታ አደረጓቸውና፣ "እንኳን ደስ ያለህ አስናቀ፤ ለሌላ ጊዜ ግን ልጄ፣ አጥር ከማጠርህ በፊት የቆምክበትን እይ" አሏቸው።