ቺንጋው እስኪፈታ

ስሙማ! መንገድ የወጣ ሁሉ አይደርስም፤ የደረሰ ግን ሳይናገር አያድርም።

አቶ እንዳላማው የሚባሉ ፈሪ ሽማግሌ ነበሩ። ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ልጃቸውን አሰለፈችን በአሮጌ መኪናቸው ጭነው ወደ ሩቅ ከተማ ሐኪም ቤት ይነዱ ነበር። አዋላጇ «ልጁ ሆዷ ውስጥ ተጋድሟል፤ ምጥ ሳይመጣ ይድረሱ» ብላቸዋለች። ከቤታቸው ርቀው፣ በማያውቁት የቆላ መንደር መግቢያ ላይ፣ ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ጧ! አለ። እንፋሎት ተትጎለጎለ፤ መኪናዋም ቆመች። የተበጠሰው ቺንጋው ነበር፤ ያ የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው ቀበቶ።

«አባዬ፣ ወገቤን ያዘኝ» አለች አሰለፈች።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ሰው እንዳይሰማ!» ሽማግሌው የሰው አገር ዓይን ፈርተዋል። መስኮቱን በጋቢ ጋረዱና ስለ ልጃቸው ለማንም ሳይናገሩ ከድር ወደሚባል የመንደሩ መካኒክ ሮጡ።

«ቺንጋ ነበረኝ አባባ» አለ ከድር፤ «ለባለወፍጮው አበደርኩት። እሱ ይፍታልዎ እንጂ እኔ አሁኑኑ አስርልዎታለሁ።»

አቶ እንዳላማው ወደ ወፍጮ ቤት ሲያዘግሙ፣ «ቺንጋ ካልተገኘ መኪና አይሄድም፤ መኪና ካልሄደ ሐኪም አይገኝም፤ ሐኪም ካልተገኘ…» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ወንድሜ፣ ቺንጋውን ፍታልኝ» አሉ።

«አልፈታም!» አለ ባለወፍጮው፣ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ። «ተራው የደብሬ ነው። ሳልፈጭላት ወፍጮ ባቆም ምላሷን ማን ይችለዋል? እርስዎ ይችሉታል?»

ወፍጮ ካልቆመ ቺንጋ አይገኝም፤ ቺንጋ ካልተገኘ መኪና አይሄድም፤ መኪና ካልሄደ ሐኪም አይገኝም፤ ሐኪም ካልተገኘ… አፋቸውን ያዙ።

ደብሬ በወፍጮ ቤቱ ደጅ ማሽላዋ ላይ ተቀምጣለች። «እታለም፣ ቶሎ አስፈጪ» አሏት።

«አላስፈጭም! አህያዬ ሳትመጣ ዱቄቱን በምን ልጫነው? በእርስዎ ጀርባ? እሷ እንደሆነች ከባለማሳው ከጎሹ አጥር ሥር ተኝታ አልነሳም ብላለች።»

አህያ ካልተነሳች እህል አይፈጭም፤ እህል ካልተፈጨ ወፍጮ አይቆምም፤ ወፍጮ ካልቆመ ቺንጋ አይገኝም፤ ቺንጋ ካልተገኘ መኪና አይሄድም፤ መኪና ካልሄደ ሐኪም አይገኝም፤ ሐኪም ካልተገኘ… ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። በመኪናው አጠገብ ሲያልፉ ከጋቢው ጀርባ «አባዬ፣ ጠበቀብኝ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ወደ አጥሩ ሮጡ።

አህያዋን «ተነሽ» አሏት፤ ጆሮዋንም አላነቃነቀች። ከአጥሩ ወዲያ ውርንጭላዋ ታስሮ ያለቅሳል። ባለማሳው ጎሹ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ ውርንጭላውን ፍታው።»

«አልፈታም! የማሽላዬን እሸት ፈጅቶብኛል። ደብሬ ሽማግሌ ይዛ ትምጣና ይቅርታ ትበለኝ።»

«ታዲያ በአገሩ ሽማግሌ ጠፋ?»

«ሞልቷል እንጂ! ግን ግማሹ የእሷ ዘመድ ነው፤ ግማሹ የኔ። በዘመድ አልታረቅም።»

ሽማግሌ ከሌለ ውርንጭላ አይፈታም፤ ውርንጭላ ካልተፈታ አህያ አትነሳም፤ አህያ ካልተነሳች እህል አይፈጭም፤ እህል ካልተፈጨ ወፍጮ አይቆምም፤ ወፍጮ ካልቆመ ቺንጋ አይገኝም፤ ቺንጋ ካልተገኘ መኪና አይሄድም፤ መኪና ካልሄደ ሐኪም አይገኝም፤ ሐኪም ካልተገኘ…

ጎሹ ነጩን ጢማቸውን አተኩሮ አየ። «አባቴ፣ እርስዎ የማን ዘመድ ነዎት?»

«የማንም አይደለሁም። መንገደኛ ነኝ።»

«በሉ እንግዲህ ይቀመጡ!»

በሰው አገር ጠብ መግባት እሳት መጨበጥ ነው። ቢሆንም አቶ እንዳላማው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ደብሬ ተጠርታ መጣች፤ እንደ ወጉ ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ ጎሹ ፊት ጎንበስ አለች።

«ነገሩ የውርንጭላ ብቻ አይደለም» አለ ጎሹ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ከአባቷ ልጀምርልዎ?»

አቶ እንዳላማው ዘለው ተነሱ። «ልጄን! ልጄ መኪና ውስጥ ናት! ፅንሱ ተጋድሞባታል፣ ሐኪም ካልተገኘ ትሞትብኛለች!»

ሁሉም ክው አሉ።

«እና እስካሁን ዝም አሉ?» አለች ደብሬ ከነድንጋይዋ ቀና ብላ።

«ዓይን ፈርቼ ነዋ።»

«ዓይን ይጥፋ! እኛ አልወለድንም?»

ጎሹ ድንጋዩን ከአንገቷ አነሳ። «ይቅር ብያለሁ። የአባቷ ነገር ለሌላ ቀን ይደር።»

ሽማግሌው መረቁ፤ ጎሹ ውርንጭላውን ፈታ፤ ውርንጭላው ወደ እናቱ ሮጠ፤ አህያዋ ተነሳች፤ ደብሬ ተራዬን ለቅቄያለሁ ብላ እህሏን ሳታስፈጭ ጫነች፤ ወፍጮው ቆመ፤ ቺንጋው ተፈታ፤ ከድር አሰረው፤ ውኃ ተጨመረ፤ መኪናዋም ሄደች። ደብሬ የአሰለፈችን እጅ ይዛ አብራ ሄደች።

ምጡ የጠናው ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነበር። አሰለፈችን በአልጋ እየገፉ አስገቧት። አቶ እንዳላማው ግን መሪውን እንደጨበጡ ቀሩ፤ ሞተሩም ይንደቀደቃል።

«አባት፣ ያጥፉት እንጂ! ነዳጅ እኮ ነው» አላቸው ዘበኛው።

«የለም ልጄ። ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ይውሰዷት ቢሉኝስ? ሞተሩ አልነሳም ቢለኝስ?»

ዘበኛው ተቆጣ፤ ኋላም ሰለቸውና ተወ። ሞተሩ ሲንደቀደቅ ቆየ። ከዚያ ደብሬ በመስኮት ብቅ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። «ሁለቱም ደህና ናቸው!»

ያን ጊዜ ቁልፉን አዞሩ። ጸጥ ሲል የሕፃኑ ለቅሶ ተሰማ።

የኔ ነገር እዚህ ገባ፤ መንገደኛውንም ሁሉ በሰላም ያግባ።